የሮሳንዳ ዱኛና የእኔ ዱቄት

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ልናገርና ልገላገል። ከሌላ ሰው አፍ ብትሰሙት አረቄውን ሁለት ሊትር ያደርሱታል። ሁለት ሊትር አልነበረም። አንድ ሊትር ከምናምን ነው።

ስሜ ስታሜንካ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የምኖረው ከአንድ ልጄ ከዝቬዝዳን፣ ከሚስቱ ከሱንቺጻና ከአምስት ዓመቷ ልጃቸው ከኮሳራ ጋር ነው። ዝቬዝዳን እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራል፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ዓመት በዓል ነው። ሱንቺጻ የከተማችን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ቀማሚ ናት። ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ለችፌውም፣ ለቃጠሎውም፣ ለተሰነጣጠቀ እጅም የሚቀባውን ራሷ ቀምማ ትሰጣለች። ምራቴ ስለሆነች አላሞካሻትም፤ ሾርባዋ ጨው የለውም። እጇ ላይ ግን በረከት አለ፣ እሱን የካድኩ እንደሆነ ምላሴ ይድረቅ።

ዘንድሮ ታዲያ የፋርማሲው ባለቤት የሆነው ድርጅት የሱንቺጻን ክፍል ሊዘጋ ተነሣ። ሁሉም ነገር በቱቦ ታሽጎ ከፋብሪካ ይመጣል፣ እዚያ ጓዳ ውስጥ ምን ያማስላችኋል አሉ። በዚያ ላይ የምትቀምመውን ጄል የሚያወፍረው፣ ከነዳጅ የሚሠራው ነጭ ነገር ከውጭ መምጣቱ ቀረ። ማወፈሪያ ከሌለ ጄል የለም፤ ውሃ ነው፣ ከክንድ ላይ ወርዶ ምንጣፍ ያክማል። ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ ሱንቺጻ ሥራ የላትም። ጀርመን አገር ኡልም የሚባል ከተማ የሚኖረው የአጎቷ ልጅ ለሁለቱም ሥራ አግኝቼላችኋለሁ፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ ኑ ብሏል።

ጥቅምት ላይ ዝቬዝዳን ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎች ከቁምሳጥኑ አናት አውርዶ መኝታ ቤታቸው ወለል ላይ አስቀመጣቸው። ምንድነው ብለው፣ ለማየት ያህል ነው አለኝ። ሻንጣ ምኑ ይታያል? እኔ ግን የታየኝ ታይቶኛል፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ እኔ ከቴሌቪዥን ጋር ስጨቃጨቅ።

ከዚያ ሱንቺጻ ስለ ዱኛ አሰበች። ዱኛ የፖም ዘመድ ነው፤ ቢጫ፣ ጸጉራም፣ ጥሬውን የነከሰው ሰው አፉ ተጨማድዶ የሚቀር። በእኛ አገር ሰው ሁሉ በመኸር ዱኛ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ይደረድራል፤ ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ይሸታል። ከፍሬው ማርማላታ ይሠራል፣ አረቄ ይወጣል። ዘሩን ግን ማንም ዘወር ብሎ አያየውም፣ ይጣላል። ሱንቺጻ ያንን ዘር ሳትሰብር እንዳለ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፈው እንደ ተልባ ዝልግልግ አወጣ። አስባችሁታል? የዛፍ ዘር ነው፤ ዛፉ በየዓመቱ ያፈራል፣ እኛ በየዓመቱ እንጥለዋለን፣ እሷ ደግሞ ማወፈሪያ አጣሁ ብላ ታለቅሳለች።

ድርጅቱ ዕድል ሰጣት። ዶክተር ብራንካ የምትባል የቅመማ ክፍሎችን የምትቆጣጠር ሴት ከትልቁ ከተማ ከኒሽ መጥታ ጄሉን ትይ፤ ከቆመ ክፍሉ ይቆያል፣ ከፈሰሰ ይዘጋል ተባለ። ሱንቺጻ ይህን ሐሳብ ያመጣችው የአረቄው ወቅት ካለፈ በኋላ ስለነበር ዘር የምታገኘው ከእኔ ዱኛ ብቻ ነበር። አርባ ጊዜ ሞከረች። አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይቋጥራል፣ አንዴ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። የእኔን ዱኛ አንድ ሳይቀር ጨረሰችው፤ እኔም ሥጋውን ማርማላታ ስሠራ እጄ ቢጫ ሆነ። የቁምሳጥኑ አናት ሻንጣም ዱኛም የሌለው ባዶ እንጨት ሆኖ ቀረ። አርባ አንደኛው ግን ቆመ። ሰው ቤት ውስጥ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚሆን ልየው ብላ በመስታወት ማሰሮ ይዛው መጣች፤ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አድርጋ በትልቁ «አይነካም» ብላ ጻፈችበት። በቤታችን ከእሷ ሌላ ዕቃ የሚነካ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጽሑፉ ለማን እንደሆነ ገብቶኛል።

ዶክተሯ የምትመጣው ዓርብ፣ በቅዱስ ኒኮላ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የከተማው ግማሽ በዚያ ቀን የቤቱን ቅዱስ ይዘክራል፤ ያልዘከረው ግማሽ ደግሞ ከቤት ቤት እየዞረ ይበላል። ዶክተሯ ግን የቤቷ ቅዱስ ሚካኤል ነው፣ የእሷ ዝክር አልፏል፤ የሌላው ምን ገዷት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ብቻዬን ነበርኩ። ማሰሮውን አየሁት። ጄሉ ሩቡን ያህል ሆኖ ከታች ቁጭ ብሏል፤ የጠራ፣ ወፍራም፣ ማንኪያ ቢሰኩበት ቀጥ ብሎ የሚቆም። እንዳይበላሽ ምን አደረግሽበት ብዬ ከቀናት በፊት ጠይቄያት፣ አንድ የማላውቀው ስም ጠርታ ዓርብ ጠዋት እጨምርበታለሁ ብላኝ ነበር። የማላውቀው ስም አላምንም። ደግሞስ እስከ ዓርብ ማን ሊጠብቀው ነው? በእኛ ቤት እንዲቆይ የተፈለገ ነገር ሁሉ በአረቄ ነው የሚቆየው። እንጭጩ ዋልነት በአረቄ፣ የጥዱ ቀንበጥ በአረቄ፣ የተራራው ቅጠል በአረቄ። ሕፃን ቢያተኩሰው ካልሲው አረቄ ተነክሮ ይለብሳል። ባሌ ነፍሱን ይማረውና እሱም ሰማንያ አንድ ዓመት የቆየው በዚሁ ነው፣ ከውስጥ።

እናቴ ያስተማረችኝ ሕግ አለ፤ አረቄው ዕቃውን በሁለት ጣት መብለጥ አለበት። የቼዶሚርን ኃይለኛ አረቄ አወጣሁ። ቼዶሚር የኮሳራ የክርስትና አባት ነው፤ አረቄ አውጪ ነው፣ የእሱ አረቄ ክብሪት ቢያሳዩት ይነዳል። ጨመርኩ፤ ጄሉን በሁለት ጣት በለጠው። ጎሽ አልኩ። ከዚያ ታችኛው ሳይደርሰው ቢበላሽስ ብዬ በእንጨት ማንኪያ አማሰልኩት። ሳማስለው ተቀላቀለ፣ ሁለቱ ጣት ጠፋ። እንደገና ጨመርኩ፣ እንደገና በለጠው፣ እንደገና አማሰልኩ፣ እንደገና ጠፋ። ሕግ ሕግ ነው። ሦስተኛው ላይ ጠርሙሱ አለቀ፤ አራተኛውን ከሌላ ጠርሙስ አንድ ብርጭቆ ጨመርኩና ክዳኑን ገጥሜ ወደ ቦታው መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ረድቶ የሚያወራ ደስ አይለኝም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱንቺጻ ማሰሮውን አወረደች። ውስጡ እንደ ውሃ ቀጥኗል፤ በመሀሉ ነጫጭ ክር ክር ነገር ይዋኛል፣ ሾርባ ውስጥ እንደተመታ እንቁላል። ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔን ማየትም አላስፈለጋት። ኃይለኛ አረቄ ሲደርስበት ዝልግልጉ ከውሃው ተለይቶ ይቋጠራል አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ። እኔ ቆሌዬ ተገፍፎ ቆሜያለሁ። ብትጮህብኝ እኔም ጮሄ እንገላገል ነበር፤ ጩኸት እችልበታለሁ። እሷ ግን ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና፣

«ምንም አይደለም፣ እማዬ» አለች። «ሻንጣው እንደሆነ ወርዷል።»

ይቺን ቃል ከምሰማ ያንን አረቄ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ብጠጣው ይሻለኝ ነበር።

ስንት ዱኛ ይበቃል አልኳት። ስምንት ትልልቅ፣ ግን የለም፣ በዚህ ጊዜ ማን አለው አለች። ስንት ሰዓት ይፈልጋል አልኳት። አንድ ሰዓት ተኩል ለመዘፍዘፍ፣ ከዚያ ማጥለል፣ መቀላቀል፣ ግፋ ቢል አራት ሰዓት ላይ ዘሩ እጄ መግባት አለበት አለች። አንቺ ሂጂና ክፍልሽን አጽጂ፣ ዱኛው የእኔ ነው ብያት ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። አንደኛውን ጫማ የዝቬዝዳንን ማድረጌን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ቼዶሚር ጋ ነው። ምን እንዳደረግሁ ስነግረው ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ሳቀ፤ የእኔን አረቄ መድኃኒት አጠጣሽው አለኝ። ሁለት የተጨማደደ ዱኛ ሰጠኝ፤ የአንደኛው ታች በስብሷል። ሦስት ቶን ነበረኝ እኮ፣ ሁሉም ጋን ገብቶ አረቄ ሆኗል አለ። ወደ ባቡር ጣቢያ ሹሙ ቤት ሮጥኩ። ጡረተኛ ነው፤ ገና አልተነሣም ነበር። ሚስቱ መኝታ ቤት ያለው ቁምሳጥን ላይ አንድ ሁለት አይጠፋም ስትለኝ ሰተት ብዬ ገብቼ ወንበር ላይ ወጣሁ። ሰውየው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ እንደምን አደርሽ ስታሜንካ አለኝ። እግዜር ይመስገን፣ አንተ እንዴት አደርክ አልኩትና አንድ ዱኛ ይዤ ወረድኩ። ሌሎቹ ሦስት ቤቶች ማርማላታ፣ ማርማላታ፣ ማርማላታ። አንዷማ ማርማላታውን ካልቀመስሽ አትሄጂም ብላ አምስት ደቂቃ በላችኝ። በየቤቱም ለምን እንደምሮጥ መናገር ነበረብኝ፤ አረቄውን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ኡልምን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፤ ሮሳንዳ አላት።

ሮሳንዳ እንዳላት እኔ መች አጣሁት። ቤቷ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። በመስኮቷ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አሥራ ሁለት ዱኛ ተሰልፎ ይታያል፤ ከጥቅምት ጀምሮ በየጠዋቱ ሳልወድ እቆጥረዋለሁ። ከሮሳንዳ ጋር ግን ከተዘጋጋን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። በዝቬዝዳን ሠርግ ዋዜማ፣ አርባ ሰው በተቀመጠበት፣ የእኔን የበርበሬ ድልህ በዳቦ ጠቅሳ ቀመሰችና «ይኼ ዱቄት አለበት» አለች። ድልህ ላይ ዱቄት! በእኛ አገር ድልህ ማለት በርበሬው ተጠብሶ፣ ተልጦ፣ ውሃው እስኪመጥ ግማሽ ቀን ተማስሎ በራሱ የሚወፍር ነው። ዱቄት የምትጨምር ሴት፣ ልጇን በወተት ፈንታ በውሃ ያሳደገች ያህል ነው። በእግዚአብሔር ስም ማልኩ፣ ተሳደብኩ፣ ከቤቴ ውጪ አልኳት። ወጣች። ከዚያ ወዲህ በረዶ እንኳን ስንጠርግ በየወገናችን ነው፤ የእኔን በረዶ ወደ እሷ፣ የእሷን ወደ እኔ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዓይኔን በጨው አጥቤ መንገዱን ተሻገርኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ተስፋዬ፤ የሮሳንዳ ቤት ቅዱስ ኒኮላ ነው። በዝክር ቀን በር አይዘጋም፣ እንግዳ አይጠራም አይመለስም፤ ጠላት ቢመጣ እንኳን የዝክሩ ስንዴ ይቀርብለታል። ስገባ ቤቱ ሙሉ ነበር። ማንኪያዎች ሁሉ አየር ላይ ቆሙ። ሮሳንዳ የዝክር ቀሚሷን ለብሳ፣ እንደ ቤት እመቤት ቆማ ስታስተናግድ አየችኝ። ፊቷ ቀላ፤ ግን ምን ታደርጋለች፣ ሻማው በርቷል፣ ቅዱሱ ከግድግዳው ላይ ያያታል። በስኳርና በዋልነት የተሠራውን የስንዴ ንፍሮ አቀረበችልኝ። አማተብኩ፣ አንድ ማንኪያ በላሁ። ሳልዋሽ ጥሩ ነበር፤ ወይ ነዶ።

ከዚያ ነገርኳት። ማሰሮውን፣ አረቄውን፣ ዶክተሯን፣ ሻንጣዎቹን፣ ሁሉን። ሁለቱን ጣት ስደርስ አንድ እንግዳ ወይኑ ትን አለው። ሮሳንዳ ግን አልሳቀችም። ኮሳራ ስንት ዓመቷ ሆነ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አምስት አልኳት። መስኮቷን ዞር ብላ አየች፤ ኮሳራ በየጠዋቱ ወደ ሕፃናት መዋያዋ ስትሄድ በዚያ መስኮት ሥር እየዘለለች ነው የምታልፈው። ዱኛው አለ፣ አሥራ ሁለቱንም ውሰጂ፣ ግን አንድ ነገር ትነግሪኛለሽ አለች።

«ዱቄት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?»

አሥራ አምስት ሰው፣ ቅዱስ ኒኮላና አንድ ድመት እኔን ያያሉ። የግድግዳው ሰዓት ሃያ ጉዳይ ለአራት ይላል። በልቤ እግዚአብሔርን አንተ ባለህበት ነው የማልኩት፣ አሁን ደግሞ ምን ልበል አልኩት። እሱም ልክ እንደ ልጄ ነው፣ አይመልስም።

«ሁለት ማንኪያ» አልኩ። «የዚያ ዓመት በርበሬ ውሃ ብቻ ነበር። እንግዳው ደግሞ ብዙ።»

ሮሳንዳ ትንፋሽዋን ስትለቅ መጋረጃው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ይዛው የኖረችው ትንፋሽ ነበር። «ሦስት ነው» አለች፣ «ግን ሁለትም ቢሆን እቀበላለሁ።» ከዚያ ሳቅ መጣባት። እኔ መጀመሪያ ልቆጣ አሰብኩ፤ ተንኰለኛ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሁለታችንም ቁምሳጥኑ ሥር እየተደጋገፍን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እንግዶቹ ወንበር አቀረቡ፣ ማን እንደሆነ እንጃ ዱኛዎቹን አወረደ፣ ቢላዋ ያላቸው ሁሉ መሰንጠቅ ጀመሩ። ዘሩን አትስበሩ እያልኩ ከአናታቸው ቆሜ ጮህኩ። አምስት ጉዳይ ለአራት ላይ በንጹሕ የዝክር ፎጣ የታሰረ እፍኝ ዘር ይዤ በመንገዱ መሀል እሮጥ ነበር፤ አንድ እግሬ በራሴ ጫማ፣ አንድ እግሬ በልጄ።

ሱንቺጻ ዘሩን አጠበች፣ መዘነች፣ ዘፈዘፈች። እኔን ክፍሏ ውስጥ አላስገባችኝም፤ ከእንግዲህ ከአንድ ሜትር ወዲህ እንዳይጠጉ አለችኝ። ልክ ናት። በመስታወቱ በር አሻግሬ እያየሁ ስጸልይ ሮሳንዳ ከኋላዬ መጣች። በዝክሯ ቀን ቤቷን ለልጇ ትታ ወጥታለች፤ የእኔ ዱኛ የሚሆነውን ሳላይ አልቀርም አለች። ከእሷ ኋላ እንግዶቿ፣ ከእነሱ ኋላ ቼዶሚር፣ ከዚያ ጣቢያ ሹሙ ሱሪ ለብሶ። በየቤቱ ያወራሁት ወሬ ከእኔ ቀድሞ ነበር የደረሰው። ስድስት ሰዓት ላይ ዶክተር ብራንካ ስትገባ ፋርማሲው ውስጥ እግር መጣያ አልነበረም። ረዥም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ሰው ታሟል ወይ ብላ ጠየቀች። የለም፣ ጄሉን ልናይ ነው የመጣነው አላት ቼዶሚር።

ሱንቺጻ ማሰሮውን ይዛ ወጣች። ዶክተሯ በትንሽ ማንኪያ ጨልፋ ክንዷ ላይ ቀባች፣ ክንዷን ወደ ታች አዞረች፣ ጠበቀች። ጄሉ ከቀባችበት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ማሰሮውን አንሥታ በገዛ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤ ከአሥራ ሁለት ወዲያ ያለው ጠፍቶብኝ ደግሞ ከአንድ ጀመርኩ። ስገልጠው ማሰሮው እንደተገለበጠ ነው፣ ደብተሩም ደረቅ ነው።

ዶክተሯ ማሰሮውን መልሳ አቆመችና ዘሩ ብቻ ነው ወይ፣ ወፍራም ያደረገው ሌላ ነገር የለበትም ወይ ብላ ጠየቀች። ፋርማሲው በሙሉ፣ በአንድ አንገት፣ ወደ እኔ ዞረ።

«በዚህኛው የለበትም» አለች ሮሳንዳ። «እኔ ቆሜ አይቻለሁ።»

ሳቁ መስኮት አንቀጠቀጠ። ዶክተሯ ምን እንደሚያስቅ አልገባትም፤ ማንም አላስረዳትም። ጄሉ ጥሩ እንደሆነ ተናገረች፣ ግን አንድ ነገር ይቀራል አለች። ከአንድ ቁምሳጥን በወረደ ዱኛ የአንድ ቀን ሥራ እንጂ የዓመት ሥራ አይሠራም፤ ዘር በየዓመቱ ከየት ታመጪያለሽ አለቻት። ሱንቺጻ አንገቷን ስትደፋ ሻንጣዎቹ ዓይኔ ላይ መጡብኝ።

ያኔ ቼዶሚር የተሰነጣጠቀ እጁን ከኪሱ አወጣ። ያ እጅ በየክረምቱ በሱንቺጻ ቅባት ነው የሚድነው። «ዘሩ አረቄውን መራራ ያደርገዋል» አለ። «ጋን ሳይገባ ከሦስት ቶን ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣሁ ለአሳማ ነው የምሰጠው።» ትንሽ አሰበና አሳማዎቹ ምንም ችፌ የለባቸውም ሲል ጨመረ። ከዚያ ሌላው አረቄ አውጪ እኔም አለኝ አለ፣ የጣቢያ ሹሙ ሚስት የማርማላታ ሴቶችን ስም መጥራት ጀመረች፣ ሮሳንዳ ደግሞ ማን እንደሰጠና ማን እንደደበቀ እኔ እከታተላለሁ አለች። እሷ ከተከታተለች ማን ይደብቃል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሱንቺጻ የጠየቀችው ሰው ስላልነበረ፣ የነገራትም አልነበረም። ለከተማው የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱም በአረቄ ምክንያት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ።

ዶክተር ብራንካ ሁሉንም ጻፈች። ናሙና ወደ ኒሽ እወስዳለሁ፣ ምርመራው ይቀጥላል፣ ክፍሉ ግን እስከሚቀጥለው የዱኛ ወቅት አይዘጋም፣ ዘሩ ከመጣ ከዚያም በኋላ አይዘጋም አለች። ሱንቺጻ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በመስታወቱ ሳያት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ብቻዋን ትዘልላለች። ዶክተሯ ልትሄድ ስትል ሮሳንዳ ክንዷን ያዘቻት፤ ሚካኤልም ሆነ ማንም ይሁን ስንዴ ሳትቀምሽ አትሄጂም አለቻት። ቀመሰች። ሁለት ጊዜ ደገመች።

ከሮሳንዳ ቤት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተመለስን። ዝቬዝዳን ከሥራ ገብቶ ወሬውን ከመንገድ ሰምቶታል። ወደ መኝታ ቤት ሄደና የመጀመሪያውን ሻንጣ ወደ ቁምሳጥኑ አናት መለሰ። እኔ ሁለተኛውን ላቀብል አነሣሁት። ከበደኝ፣ ውስጡም አንድ ነገር ተንከባለለ። ምንድነው ብዬ ዚፑን ስከፍት የዝቬዝዳን የክረምት ሹራቦች ናቸው። በሹራቦቹ ውስጥ አንድ በአንድ ተጠቅልለው አምስት ዱኛ ተቀምጠዋል፤ የእኔው ዱኛ፣ ከጥቅምቱ።

ያ «ጀርመን ይሻላል፣ እዚያ ሁሉ ነገር አለ» ሲለኝ የከረመው ልጄ እስከ ጆሮው ቀላ። እዚያ እንዲህ የሚሸት አይኖርም ብዬ ነው አለ። ሱንቺጻ በሩ ላይ ቆማ አየችው፣ ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

እኔ ዱኛውን ቆጠርኩት፤ ቼዶሚርና ጣቢያ ሹሙ የሰጡኝ ሦስት ሲጨመርበት ስምንት። ልክ ስምንት። ይህ ዱኛ እዚህ እቤቴ ተኝቶ እኔ በቅዱስ ኒኮላ ፊት ስለ ዱቄት ስናዘዝ ዋልኩ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፣ ቃልም መርጬ ነበር፣ ግን ወንበር አምጣ አልኩት። እሱ ላይ ወጥቼ አምስቱን ዱኛ ከሻንጣው ጎን ደረደርኳቸው፤ ኮሳራም ከወንበሩ ሥር ቆማ ሽታው ወደ እሷ አልጋ እንዲደርስ አንዱን ወደ ጠርዙ ጠጋ አድርጊልኝ አለችኝና ጠጋ አደረግሁላት።